ጅማ ሆኖ የአሜሪካን የምርምር ታክስ ክሬዲት ሰነድ ማዘጋጀት፦ ፔይሮሉና የኮንትራክተር ክፍያው እንዴት ይያዝ?

ሂርማታ_ሂሳብ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ አካም ጅርቱ። ጅማ ነው ያለሁት፣ የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። ከደንበኞቼ አንዱ ሜሪላንድ ያለ ትንሽ ኩባንያ ነው፣ ባለቤቱ የእኛው አገር ልጅ። የቡና እርጥበት የሚለካ መሣሪያ እየሠሩ ነው። ገበሬው ጀንፈሉን አልጋ ላይ ካሰጣ በኋላ መድረቅ አለመድረቁን የሚለየው በእጁ እያሻሸ፣ በጥርሱ እየነከሰ ነው። መሣሪያው በቁጥር ይነግረዋል። ችግሩ፣ ያው አንዱ ቡና ጠዋት ሌላ ቁጥር፣ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። አሁን የሚለፋው እሱን ለመፍታት ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ደመወዝተኛ መሐንዲሶች አሉ። እዚያው አሜሪካ አንድ ላቦራቶሪ በውል ይሠራላቸዋል። ሶፍትዌሩን ደግሞ እዚህ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ቢሮ የተከራዩ ልጆች በውል ይዘውታል። የሁሉንም ሂሳብ የምይዘው እኔ ነኝ።

ሰሞኑን የኩባንያው ታክስ አዘጋጅ «ለምርምር ታክስ ክሬዲት የፔይሮልና የኮንትራክተር ሰነድ ላኪልኝ» አለኝ። የሁሉንም ክፍያ ደምሬ ልላክለት? የጅማዎቹስ ኢንቮይስ አብሮ ይገባል? እያንዳንዱን ሰዓት መመዝገብስ ግዴታ ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም እህቴ። እዚህ ሜሪላንድ የታክስ ሥራ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ዓይነት ፋይል በየዓመቱ እጄ ይገባል። ደምረሽ እንዳትልኪ። አዘጋጁ የሚፈልገው ማን፣ ምን ላይ፣ የት ሆኖ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሠራ ነው።

ክሬዲቱ ምርምር ለሚሠራ ኩባንያ ከሚከፍለው ታክስ ላይ የሚቀነስለት ገንዘብ ነው። ከ1981 ጀምሮ ያለ ነው፣ በ2015 ቋሚ ሆነ፤ ሁለቱም በፈረንጆቹ ነው። የሚገኘው የታክስ ሕጉ አንቀጽ 41 ላይ ነው፣ የሚሞላው በቅጽ 6765። እንዲህ ባለ ኩባንያ ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው። ደመወዝ ሲባል ግን ኩባንያው ለሰውየው ያወጣው ሁሉ ማለት አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው ደብልዩ-2 የሚባለው ወረቀት ሣጥን 1 ላይ ያለው ቁጥር ነው። አሠሪው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ድርሻ አይገባም። አሠሪው የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስም አይገባም። ሠራተኛው ከታክስ በፊት ለጡረታ ቁጠባ ያስቀነሰው ብር ሣጥን 1 ውስጥ ስለሌለ እሱም ይቀራል። ከፔይሮል ሶፍትዌሩ ላይ ጠቅላላ ደመወዝ የሚለውን ዓምድ ገልብጠው የሚልኩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የሚቆጠሩት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ ምርምሩን ራሱ የሚሠራ፣ እሱን በቅርብ የሚቆጣጠር፣ በቀጥታ የሚያግዝ። ማገዝ የሚለው ጠበብ ያለ ነው። ለሙከራው ሞዴል ቶርኖ ላይ ብረት የሚቀርጽ ሰው ይገባል። የሙከራውን ዕቃ የሚያጥብም ይገባል። ክፍሉን እንዲሁ በጥቅሉ የሚያጸዳ ግን አይገባም። የተመራማሪዎቹን ደመወዝ የሚያዘጋጅ የፔይሮል ሠራተኛና የምርምሩን ወጪ የሚመዘግብ አካውንታንትም አይገቡም፣ ደንቡ በግልጽ አውጥቷቸዋል። ስለዚህ ያንቺ ክፍያ ከሂሳቡ ውጭ ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል ቁጥር ላስቀምጥልሽ። አንድ መሐንዲስ ሣጥን 1 ላይ 96,000 ዶላር አለው እንበል። በዓመት 2,000 ሰዓት ሠራ። ከዚያ 1,200ው አሜሪካ ውስጥ በመለኪያው ምርምር ላይ ነው፣ የቀረው ስብሰባ፣ ሽያጭና ጉዞ። 60 በመቶ ማለት ነው፣ ስለዚህ 57,600 ይያዛል። ሌላኛው 1,700 ሰዓት ምርምር ላይ ከዋለ 85 በመቶ ነው። 80 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕጉ ደመወዙን ሙሉ በሙሉ ይቆጥርለታል። ከ80 ዝቅ ያለው ግን በልኩ ብቻ ነው። 79 እና 80 መሐል ያለው ልዩነት ትልቅ ገንዘብ ስለሆነ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚያየው እሱን መስመር ነው።

አጂፕ_ሰፈር

የጅማዎቹስ? ገንዘቡን የከፈለው የአሜሪካ ኩባንያ አይደል እንዴ? መሣሪያውም የአሜሪካ ኩባንያ ንብረት ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አይቆጠርም ወንድሜ። አንቀጽ 41 የሚያየው ሥራው የተሠራበትን ቦታ ነው። ከአሜሪካ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ውጭ የተሠራ ምርምር ከክሬዲቱ ውጭ ነው። ማን ከፈለ፣ የማን ንብረት ነው የሚለው ይህን አይለውጠውም።

ይሄ ለራሳቸው ለደመወዝተኞቹም ይሠራል። የሜሪላንዱ መሐንዲስ በቡና ለቀማ ወቅት፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ጅማ መጥቶ አልጋው ሥር ቆሞ መሣሪያውን ሲፈትሽ የዋለባቸው ሰዓታት አይገቡም። ደመወዙ በዶላር ቢከፈል፣ ደብልዩ-2 ቢኖረውም። በተቃራኒው አንድ የጅማ ልጅ ሜሪላንድ ሄዶ እዚያ በኮንትራት ምርምር ቢሠራ፣ የዚያ ጊዜ ክፍያ የመቆጠር ዕድል አለው። ስለዚህ ታይምሺቱ (የሰዓት መዝገቡ) ላይ «የሥራ ቦታ» የሚል ዓምድ ይኑር። የአውሮፕላን ትኬቱም አብሮ ይቀመጥ።

አጂፕ_ሰፈር

ታዲያ ልጆቹ የሚሠሩት በኢንተርኔት ነው። ሰርቨሩም አሜሪካ ነው። ኢንቮይሱ ላይ የሜሪላንዱን አድራሻ ቢጽፉ ምን ችግር አለው?

ጡረተኛ_ኦዲተር

ልጄ፣ ይህን ምክር ከዚህ መድረክ ማንም ይዞ እንዳይሄድ። ዕድሜዬን በኦዲት ሥራ ነው ያሳለፍኩት። አንድ የውሸት አድራሻ ሲገኝ የሚወድቀው ያ ኢንቮይስ ብቻ አይደለም። መርማሪው እውነተኞቹንም ወረቀቶች ማመን ያቆማል። ክፍያው የገባው በስዊፍት ጅማ ቅርንጫፍ ነው፣ ባንኩ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ልጆቹ የሚከራዩት ቤት ጅማ ነው፣ የሥራ ግብራቸውን የሚከፍሉትም እዚህ ነው። ሰርቨሩ የትም ይሁን፣ ሥራው የተሠራው ሰውየው በተቀመጠበት ነው።

ደግሞ የእነዚህ ልጆች ሥራ ክሬዲት ውስጥ አልገባም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለኩባንያው ወጪ ነው፣ በሌላ መንገድ ይያዛል። ያንን መንገድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያስረዳችሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጋሼ እንዳሉት ነው። ከ2022 የፈረንጆች ዓመት ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ ምርምርና የሶፍትዌር ልማት ወጪ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ በአንድ ዓመት አይቀነስም፣ በ15 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚቀነሰው። አሜሪካ ውስጥ የተሠራውም ለተወሰኑ ዓመታት በ5 ዓመት ይከፋፈል ነበር፤ በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ ግን ከ2025 ጀምሮ የአገር ውስጡን በዚያው ዓመት መቀነስ ተፈቅዷል። የውጭው በ15ቱ ጸንቷል።

ስለዚህ እህቴ፣ የጅማዎቹን ኢንቮይስ ላኪ፣ ግን ለብቻው ፎልደር፣ «ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ» ተብሎ። ከሜሪላንዱ ጋር ተቀላቅሎ ከገባ ኩባንያው በ15 ዓመት ሊቀንሰው የሚገባውን በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፣ ክሬዲትም ይጠይቅበታል። ሁለት ጥፋት ባንድ ወረቀት።

ድርጅታቸው ለኩባንያው ደብልዩ-8ቤን-ኢ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ መስጠቱንም አረጋግጪ። በግለሰብ ደረጃ የሚሠራ ካለ ደብልዩ-8ቤን ነው። የውጭ አገር ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ላቦራቶሪው ደግሞ አሜሪካዊ ስለሆነ ደብልዩ-9 ይሰጣል።

ሂርማታ_ሂሳብ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ጋሼንም ጭምር። ልጆቹ የሰዓት መዝገብ አላቸው፣ ኤክሴል ላይ ነው። ግን እንዲህ ነው የሚመስለው፦ «ጥር 5/2017፣ ከ3 እስከ 8 ሰዓት፣ ሶፍትዌር ሥራ።» ይበቃል?

ጡረተኛ_ኦዲተር

አይበቃም። ሦስት ነገር ላሳይሽ።

አንደኛ፣ ቀኑ። ሜሪላንድ ያለው ሰው «2017» ሲያይ ከስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ይመስለዋል። ጥር 5/2017 በእነሱ ጃንዩዋሪ 13/2025 ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉት። የእነሱ 2025 ታክስ ዓመት ከእኛ ታኅሣሥ 23/2017 እስከ ታኅሣሥ 22/2018 ነው የሚሄደው። ይህ ማለት የታኅሣሥ ወር ኢንቮይስ ሁልጊዜ ሁለት የአሜሪካ ዓመት ውስጥ ይወድቃል። ልጆቹ በወር ነው ኢንቮይስ የሚያደርጉት ካልሽ፣ ታኅሣሥን ቢያንስ በሁለት መስመር ይለዩት። ባይለዩት በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ሂሳቡ አይገጥምም፣ ለምን እንዳልገጠመም ማንም አያገኘውም።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ከ3 እስከ 8 ያሉት ከጠዋቱ ሦስት ነው። ፈረንጁ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ነው የሚያነበው። የሰዓቱን ርዝመት ብቻ ጻፉ፦ 5 ሰዓት። ይበቃል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። «ሶፍትዌር ሥራ» ምንም አይልም። የኢሜይል አድራሻ ማስተካከልም ሶፍትዌር ሥራ ነው። እንዲህ ይጻፍ፦ «የእርጥበት መለኪያ፤ ሙቀት ሲጨምር ንባቡ ከፍ የሚልበትን ምክንያት ለማግኘት ሁለት የማስተካከያ ቀመር ተሞከረ፤ ሁለተኛው በጀንፈል ላይ ተሻለ፣ በታጠበ ቡና ላይ አልሠራም፤ ነገ በታጠበው ላይ ይቀጥላል።» አንድ ዓረፍተ ነገር ተኩል ናት። ግን ምን እንዳልታወቀ፣ ምን እንደተሞከረ፣ ምን እንደተገኘ ትናገራለች። ያልሠራውንም ጻፉ። ያልሠራው ሙከራ ነው ምርምር መሆኑን በደንብ የሚያስረዳው።

የሜሪላንዶቹም እንዲሁ ይጻፉ። በእነሱ ላይ ነው ክሬዲቱ የሚቆመው።

ጅሬን_ዳገት

እኔ የሰማሁት ግን በየሰዓቱ መመዝገብ ግዴታ አይደለም ነው። በዓመቱ መጨረሻ ኃላፊውን ጠይቆ «እገሌ 70 በመቶ፣ እገሊት 50 በመቶ» ብሎ መገመት ይቻላል ይላሉ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ግማሹ እውነት ነው። ደንቡ በየሰዓቱ የተሞላ ታይምሺት የግድ አይልም። የሚለው፣ ክሬዲቱ እንደሚገባ ለማረጋገጥ በሚያስችል መልክና ዝርዝር መዝገብ ይያዝ ነው። በ2009 የአምስተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማክፈሪን ጉዳይ ላይ፣ ብቁ ምርምር መሠራቱ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ መጠኑን መገመት አለበት ብሏል። ሰዎች ይቺን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ግን «ከተረጋገጠ» የምትለዋን ይዘሏታል። ሲመር ሚሊንግ የሚባል የኢሊኖይ ዱቄት ፋብሪካ በ2019 ታክስ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ የሙከራ ሂደት መኖሩን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ መዝገቡ ውስጥ አላገኘም። በ2023 ደግሞ ሊትል ሳንዲ ኮል በሚባለው ጉዳይ መርከብ የሚሠራ ድርጅት ክሬዲት ጠይቆ፣ ከሥራው ምን ያህሉ ሙከራ እንደሆነ በሰነድ ማሳየት ስላልቻለ የሰባተኛው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ሥራው ከባድና አዲስ መሆኑ ብቻውን አላዳነውም።

በዚያው በ2023 ሙር በሚባለው ጉዳይ የአንድ ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ ደመወዝ ተነስቶ ነበር። ሰውየው በምርት ልማቱ ውስጥ እጁ እንዳለበት ተነግሯል። ስንት ጊዜውን በቀጥታ ምርምር ላይ እንዳዋለ የሚያሳይ ሰነድ ግን አልነበረም፣ ስለዚህ አልተፈቀደም። እህቴ፣ ይሄ ለደንበኛሽ ባለቤት ይመለከተዋል። የትንሽ ኩባንያ ባለቤት ሁሉንም ነገር ይሠራል፦ ጠዋት ይቀርጻል፣ ከሰዓት ይሸጣል፣ ማታ ባንክ ይጻጻፋል። ደመወዙ ትልቅ ስለሆነ ክሬዲት ውስጥ ለማስገባት ይፈለጋል። መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የሌለው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይመዝግብ በይው።

ለንደን_ነኝ

ከእንግሊዝ ልጨምር፣ ሌላ አገር ደንበኛ ያላችሁ ሰዎች አንዱን ሕግ ለሌላው እንዳትጠቀሙበት። እዚህ የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስና የጡረታ መዋጮ ከደመወዙ ጋር ይቆጠራል። ግንኙነት ለሌለው ኮንትራክተር የተከፈለው 65 በመቶው ይያዛል። ኤፕሪል 1/2024 ወይም ከዚያ በኋላ ለሚጀምር የሂሳብ ዘመን በውጭ አገር በኮንትራት የሚሠራ ምርምር በጥቅሉ ወጥቷል። ግን ለምርምሩ የሚያስፈልገው ሁኔታ እንግሊዝ ውስጥ ከሌለ፣ ለምሳሌ የአየር ጠባይና መልክዓ ምድር፣ ሊፈቀድ ይችላል። ዋጋው ረከሰ ወይም ሰው አገኘን የሚለው ምክንያት ግን አይሆንም። ቡናን አልጋ ላይ እያደረቁ መፈተሽ እዚህ ቢያንስ የሚያከራክር ነገር አለው። በአሜሪካው ግን በሩ ዝግ ነው።

ሂርማታ_ሂሳብ

አመሰግናለሁ። አሁን የቀረኝ ላቦራቶሪው ነው። አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ ቦታው ችግር የለውም። በዓመቱ 40,000 ዶላር ተከፍሎታል። ውሉ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ አለ፦ «ክፍያ የሚፈጸመው ሴንሰሩ በተስማማነው የስህተት ወሰን ውስጥ መሥራቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።» ባለቤቱ ይህን አንቀጽ በጣም ነው የሚወደው፣ ገንዘቤን አስጠብቆልኛል ይላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቀስ ብለን እንየው።

ለኮንትራክተር የተከፈለ ገንዘብ እንዲቆጠር ደንቡ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ውሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተፈረመ መሆን አለበት። ምርምሩ በኩባንያው ስም የሚሠራ መሆን አለበት፣ ማለትም ኩባንያው በውጤቱ የመጠቀም መብት አለው፤ ብቸኛ መብት መሆኑ ግዴታ አይደለም። ሦስተኛው፣ ምርምሩ ባይሳካም ወጪውን ኩባንያው የሚሸከም መሆን አለበት። እነዚህ ከተሟሉ ከተከፈለው 65 በመቶው ይያዛል። ከ40,000ው 26,000 ማለት ነው።

የእናንተ ውል ሦስተኛው ላይ ነው የሚወድቀው። ክፍያው ስኬት ላይ ከታሰረ ኩባንያው የከፈለው ለውጤት ነው፣ ለምርምር አይደለም። አደጋውን የተሸከመው ላቦራቶሪው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ የወደደው አንቀጽ ገንዘቡን ጠብቆለታል፣ 26,000ውን ግን ከክሬዲቱ አስወጥቶበታል። ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። የንግድ ውሳኔ ነው፣ እያወቀ ይወስን።

አጂፕ_ሰፈር

አንቀጹን አሁን አውጥተው ቢፈርሙስ? በእውነት ነው የምጠይቀው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ለተሠራው ሥራ አይረዳም፣ ውሉ ከሥራው መቅደም ስላለበት። ቀን ወደኋላ አድርጎ መፈረም ደግሞ ጋሼ ቅድም ያሉት ነው። ለሚቀጥለው ምዕራፍ ግን አዲስ ውል ይቻላል፦ በሰዓት ወይም በወር የሚከፈል፣ ቢሳካም ባይሳካም የሚከፈል፣ የውጤቱ መብት የኩባንያው የሆነ። ክፍያው በሰዓት ከሆነ ላቦራቶሪው ከኢንቮይሱ ጋር የሰዓት ዝርዝር እንዲያያይዝ ውሉ ውስጥ ይግባ። «ለላብ አገልግሎት» የሚል አንድ መስመር ኢንቮይስ ክፍያውን ያሳያል፣ ሥራውን አያሳይም።

አዲሱ ሴንሰር ከተሸጠ በኋላ ያለውንም ለዩት። ገበሬ ማሠልጠን፣ የተለመደ የጥራት ፍተሻ፣ ለአንድ ገዥ ብሎ መጠነኛ ማስተካከያ ማድረግ ምርምር አይደለም። ሰውየው ያው መሐንዲስ ቢሆንም ሰዓቱ በሌላ ኮድ ይመዝገብ።

ጅሬን_ዳገት

ኩባንያው ገና ትርፍ ከሌለው ክሬዲቱ ምን ያደርግለታል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ለጀማሪዎች መንገድ አለ። የዓመት ገቢው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በታች ከሆነና ገቢ ማግኘት ከጀመረ ከአምስት የታክስ ዓመት ያልበለጠ ከሆነ፣ በዓመት እስከ 500,000 ዶላር ድረስ ክሬዲቱን ከአሠሪው የፔይሮል ታክስ ላይ ማቻቻል ይችላል። ከ2023 በፊት ወሰኑ 250,000 ነበር። ምርጫው ግን በጊዜው በገባው የመጀመሪያ የታክስ መግለጫ ላይ መደረግ አለበት፣ ኋላ በማሻሻያ አይሆንም። ስለዚህ እህቴ ሰነዱን ከመግለጫው ቀን በፊት ማድረስሽ ለእነሱ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ሂርማታ_ሂሳብ

ገብቶኛል። እንግዲህ እንዲህ ላደርግ ነው። የሜሪላንዶቹን ደብልዩ-2 ከሰዓት መዝገባቸው ጋር በየሰው አያይዛለሁ። የጅማ ቆይታቸውን በትኬት እለያለሁ። የጅማዎቹን ኢንቮይስ ከስዊፍት ወረቀቱ ጋር ለብቻ፣ በሁለቱም አቆጣጠር። የላቦራቶሪውን ውል እንዳለ እልካለሁ፣ አንቀጹን በቢጫ አስምሬበት። ልጆቹ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ ስለ ሙከራው የሚነጋገሩት ቴሌግራም ላይ ነው፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተቀላቅሎ። እሱ ይጠቅማል ወይስ ይጣል?

ጡረተኛ_ኦዲተር

እንዳይጣል። በዕለቱ የተጻፈ ነው፣ ቀኑ ራሱ ላይ አለ፣ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ቻቱን ከነቀኑ አውርደው ያስቀምጡ፣ ፎቶዎቹንም ጭምር። የሴንሰሩ ንባብ ያለበት ፎቶ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ቋንቋውን አይቀይሩት፣ እንዳለ ይቀመጥ። ከጎኑ በየሳምንቱ ሁለት መስመር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ አንዱ ልጅ ይጻፍ፣ ስሙንና ቀኑን አስፍሮ። ይህን የሚሠራው ከሙከራው ውስጥ ያለ ልጅ ይሁን፣ አንቺ አትጻፊላቸው።

ለራሳቸው ድርጅትም ሰነዱ ያስፈልጋቸዋል። የልጆቹ ደመወዝ እዚህ የሥራ ግብር አለበት፣ ጡረታም 7 ከሠራተኛው፣ 11 ከአሠሪው። የሰዓት መዝገቡ፣ ፔይሮሉና ኢንቮይሱ ሦስቱ አንድ ዓይነት ስምና ወር ማሳየት አለባቸው። ኢንቮይሱ አምስት ሰው ሠራ ብሎ ፔይሮሉ ላይ ሦስት ሰው ካለ፣ ጥያቄው ከሜሪላንድ ሳይሆን ከዚሁ ከጅማ ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ጊዜ ካለሽ የአንድ ወሩን ሦስቱንም ዘርግተሽ አስተያይው፣ የማይገጥም ካለ እዚሁ ጻፊልን።